ግማሽ ሽቦ ያላለቀ ሥራ አይደለም

ይሄኛው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ጀርመን፣ ኪል ከተማ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ባቡሩ ከጣቢያ ይወጣል፣ ትንሽ ሄዶ ጣሪያው ላይ ያለውን ክንድ (ፓንቶግራፍ የሚሉትን) ከሽቦው አውርዶ ያጥፋል፣ ከዚያ ሽቦ በሌለው ሐዲድ ላይ ያለ ጭስ ጉዞውን ይቀጥላል። በባትሪ ማለት ነው። ቪዲዮውን እዚሁ ገጼ ላይ ስለጥፈው ሁለት ዓይነት አስተያየት መጣ። አንደኛው ወገን «ቲቸር፣ ባቡርን የሚያህል ነገር በባትሪ? መጫወቻ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው ደግሞ «ለኛም ይምጣልን! የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ባቡሩ ምን ይጠብቃል?» አለ።

ሁለቱም ያዩት ባትሪውን ብቻ ነው። እኔ ግን ሽቦውን እዩት እላለሁ። የዚህ ነገር ትልቁ ጥያቄ ሽቦ የት ይዘርጋ፣ የትስ ባይዘረጋ ችግር የለውም የሚለው ነው። ባትሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከኪል ልጀምር። ከኪል ወደ ሐምቡርግ የሚወስደው መስመር ከ1995 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ከሉቤክ ወደ ሐምቡርግም ከ2008 ጀምሮ ሽቦ አለ። ኪልና ሉቤክን በቀጥታ የሚያገናኘው 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ሽቦ የለውም። በሁለቱም ጫፍ ኤሌክትሪክ አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው። ለዘመናት ምን ተደረገ? መሃሉ ባዶ ስለሆነ ብቻ መንገዱ በሙሉ በናፍጣ ባቡር ይሠራ ነበር። ሽቦ ባለበት ጣቢያ ውስጥ ሳይቀር ናፍጣ ባቡር እያጓራ ይቆማል። ኪልና ሉቤክ የሚገኙበት የሽለስቪግ-ሆልሽታይን ክልል በጀርመን የባቡር ሽቦ በጣም ከጎደላቸው ክልሎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ዓይነት መንገድ በየቦታው አለው።

ክልሉ በ2019 ከስዊዘርላንዱ ሽታድለር ኩባንያ 55 የባትሪ ባቡሮች አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ በጥቅምት 2023 መንገደኛ መጫን ጀመሩ። ሽቦ ባለበት ቦታ እንደ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ባቡር ይሄዳሉ፤ እየሄዱም ባትሪያቸውን ይሞላሉ። ሽቦው ሲያልቅ ባትሪው ይረከባል። በቃ፣ ይሄው ነው።

አሁን «መጫወቻ ነው» ላላችሁት። ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። ጀርመኖች ከ1907 ገደማ ጀምሮ፣ በፕሩሲያ ዘመን፣ በባትሪ ባቡር መንገደኛ ያጓጉዙ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከ200 በላይ ሠርተው እስከ 1995 ድረስ ተጠቅመውባቸዋል። ያኔ ባትሪው እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ነበር፣ ክብደቱን አስቡት። ሕዝቡ ካወጣላቸው ቅጽል ስሞች አንዱ «የእጅ ባትሪ ኤክስፕረስ» የሚል ነበር። አየርላንድ ውስጥም ጄምስ ድረም የሚባል ኬሚስት በሠራው ባትሪ ከ1932 ጀምሮ ከደብሊን ወደ ብሬይ ባቡር ሲመላለስ ኖሯል። ስለዚህ መጫወቻ የሚለው አይሄድም። የተለወጠው የባትሪው ክብደትና ቻርጅ የሚያደርግበት ፍጥነት ነው። የሽታድለር የሙከራ ባቡር በ2021 መጨረሻ ላይ አንዴም ሳይሞላ 224 ኪሎ ሜትር ተጉዟል።

ለምን ባቡር ለባትሪ ይመቻል? ኮሜንት ላይ የተከራከራችሁት ልጆች ክፍል ውስጥ ሠርታችሁታል እኮ። አንደኛ፣ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ከላስቲክ ጎማ በአስፋልት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሁለተኛ፣ እስቲ 100 ቶን የሚመዝን ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለውን ካይኔቲክ ኢነርጂ አስሉ። ግማሽ ሲባዛ በክብደቱ ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር። 55 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይመጣል፤ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ 15 ኪሎዋት ሰዓት። ናፍጣ ባቡር በቆመ ቁጥር ይሄንን ወደ ሙቀት ለውጦ አየር ላይ ይበትነዋል። በየ5 እና 10 ኪሎ ሜትሩ የሚቆም የገጠር ባቡር በቀን ስንቴ ይቆማል? የባትሪው ባቡር ሲያቆም ሞተሩን ጄኔሬተር አድርጎ ከዚያ ውስጥ ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል። ማለትም ብዙ የሚቆም፣ አጭር ርቀት የሚሄድ፣ ቀላል ባቡር ለባትሪ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የከተማ ዳርቻና የገጠር ባቡር ደግሞ እንዲሁ ነው።

ወደ ሽቦው ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነው።

ሽቦ መዘርጋት ሲባል ብዙ ሰው ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መወጠር ይመስለዋል። ምሰሶውማ ቀላሉ ነው። ወጪው ያለው ድልድይና ዋሻ ላይ ነው። ከ100 ዓመት በፊት ለእንፋሎት ባቡር የተሠራ ዋሻ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ በጣሪያውና በባቡሩ መሃል ለማሳለፍ ክፍተት የለውም። ወይ ሐዲዱን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ወይ ድልድዩን አፍርሰህ ትሠራለህ። በላዩ ላይ ሰብስቴሽኑ አለ፣ ከአገሩ የኃይል መረብ ጋር ማገናኘቱ አለ። እንግሊዞች ከለንደን ወደ ካርዲፍ የሚወስደውን መስመር በኤሌክትሪክ እናደርጋለን ብለው ሲነሱ በ2013 የተገመተው ወጪ ከ900 ሚሊዮን ፓውንድ በታች ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወደ 2.8 ቢሊዮን ወጣ። በ2017 ከካርዲፍ እስከ ስዋንሲ ያለው ክፍል ተሰረዘ። ስዋንሲ ቀረባት።

ይሄ ነው የሚያናድደኝ ነገር። «ሙሉ ወይም ምንም» የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ የሚጎዳው መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ነው። ዋናው መስመር ብዙ መንገደኛ ስላለው ሽቦ ያገኛል። ቅርንጫፉ ግን በሰዓት አንድ ባቡር ብቻ ስለሚሄድበት ወጪውን አይመልስም ይባላል፣ እውነትም አይመልስም። ከዚያ ናፍጣው ያረጃል፣ ባቡሩ ይሰለቻል፣ መንገደኛ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ «ሰው የለም» ተብሎ መስመሩ ይዘጋል። አውሮፓ ውስጥ ስንት ትንንሽ ከተማ በዚህ መንገድ ባቡሩን አጥቷል።

የባትሪ ባቡር ይሄንን ሰንሰለት የሚቆርጠው እንዴት ነው? ሽቦውን ቀላልና ርካሽ በሆነበት ቦታ ብቻ እንድትዘረጋ ይፈቅድልሃል። ከካርዲፍ በስተሰሜን ያሉት የዌልስ ሸለቆዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በድንጋይ ከሰል ዘመን የተሠሩ ጠባብ ድልድዮች የሞሉበት አገር ነው። እዚያ አንዳንድ ድልድይ ሥር ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ የለም፤ ባቡሩ ያንን ክፍተት በባትሪ አልፎ ማዶ ሽቦውን መልሶ ይይዛል። ያ ድልድይ ሳይፈርስ! ሊቨርፑል አካባቢ ደግሞ ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከላይ ሳይሆን መሬት ላይ ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነው፣ ሰው ቢረግጠው የሚገድል። በ2023 ሄድቦልት ሌን የሚባል አዲስ ጣቢያ ሲከፍቱ ያንን አደገኛ ሐዲድ ከማራዘም ይልቅ የመጨረሻዋን ቁራጭ መንገድ በባትሪ አድርገውታል።

በሽለስቪግ-ሆልሽታይን ምዕራብ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ዙሪያውን ሽቦ የለም። ምን አደረጉ? ሁዙም፣ ሃይደ እና ተኒንግ ጣቢያዎች ላይ ብቻ አጭር ሽቦ ዘረጉ። «የቻርጅ ደሴት» ይሉታል። ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ፣ ሾፌሩም ሻይ ሲጠጣ፣ ክንዱን አንስቶ ይጠግባል።

እዚህ ጋ አንዲት የፊዚክስ ነገር አለች፣ ካላነሳኋት አይሆንልኝም። ባቡር እየሄደ ከሽቦ ኤሌክትሪክ ሲወስድ መነካኪያው በየቅጽበቱ ስለሚቀያየር ሽቦው አይግልም። ቆሞ ሲወስድ ግን አንዲት ነጥብ ብቻ ትቃጠላለች። ስለዚህ በ15 ሺህ ቮልት መስመር ላይ ባቡር ቆሞ የሚወስደው ጅረት በ80 አምፔር ገደማ ይገደባል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን 80 ሲባዛ በ15,000 ማለት 1.2 ሚሊዮን ዋት ነው፤ በ10 ደቂቃ 200 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። የቮልቴጅ ከፍታ ጥቅሙ ይሄ ነው። ጃፓኖች በ2014 ከኡትሱኖሚያ ወደ ካራሱያማ የሚሄድ የባትሪ ባቡር ሲያስገቡ ዋና መስመራቸው 1,500 ቮልት ብቻ ነበር። በዚያ ቮልቴጅ 80 አምፔር ብትወስድ የምታገኘው አንድ አሥረኛውን ነው። መፍትሔያቸው ምን መሰላችሁ? የቅርንጫፉ መጨረሻ ካራሱያማ ጣቢያ ላይ በቀጭን ሽቦ ፈንታ ወፍራም የብረት ዘንግ ሰቀሉ፣ ብዙ ጅረት ቢያልፍበት የማይቀልጥ። 20 ኪሎ ሜትር ለምትሆን የገጠር ቅርንጫፍ አንዲት ዘንግ በቃች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ የነበሩት ናፍጣ ባቡሮች በሙሉ ወጡ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ እያለ የዓለም ሚዲያ ለዓመታት ሲያወራ የነበረው ስለ ሃይድሮጅን ባቡር ነው። በ2018 በጀርመን ታችኛው ሳክሶኒ የመጀመሪያው ሲጀምር ሚኒስትር፣ ካሜራ፣ ሪባን ምኑ ቅጡ። «ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው» የሚለው ዜና እኛም አገር ሬዲዮ ላይ ሳይቀር ተደምጧል። ውሸት አይደለም። ግን ሂሳቡን ማን ሠራው? በኤሌክትሪክ ውሃ ከፍለህ ሃይድሮጅን ታወጣለህ፣ ትጨምቀዋለህ፣ ታጓጉዘዋለህ፣ ባቡሩ ውስጥ መልሰህ ኤሌክትሪክ ታደርገዋለህ። ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ጎማው ጋ የሚደርሰው 30 ገደማ ነው። በባትሪ ቢሆን ከ70 በላይ ይደርሳል። ፍራንክፈርት አጠገብ ታውኑስ ላይ በ2022 መጨረሻ 27 የሃይድሮጅን ባቡር እናስገባለን ተብሎ ባቡሮቹ በሰዓቱ ባለመድረሳቸውና በመበላሸታቸው መንገደኛው በአውቶቡስና በናፍጣ ባቡር ሲንገላታ ከረመ። በዚያው ዓመት የባደን-ቩርተምበርግ ክልል ባስጠናው ጥናት ሃይድሮጅን ከሌሎቹ አማራጮች እስከ 80 በመቶ ሊወደድ እንደሚችል ታየ። የሃይድሮጅን ባቡር የመጀመሪያዋ እመቤት የነበረችው ታችኛው ሳክሶኒ ራሷ በ2023 «ከእንግዲህ የምንገዛው ባትሪ ነው» ብላ 102 የባትሪ ባቡር አቀደች።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ፖለቲከኛ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ይወዳል። ተኒንግ ጣቢያ ላይ የተሰቀለ አጭር ሽቦ ሪባን የለውም፤ ፎቶም አይወጣለትም። ግን ሰውየውን ሆስፒታል፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው።

ባትሪውንም ግን አማልክት አላደርገውም። ጉድለቱን በግልጽ ልናገር። ብዙ ባቡር የሚመላለስበት መስመር ላይ ሙሉ ሽቦን የሚያክል የለም፤ «ባትሪ አለና ዋናውን መስመር ሽቦ አንዘረጋም» የሚል መንግሥት ቢመጣ ተቃዋሚው እኔ ነኝ። ሺህዎች ቶን የሚጎትት የጭነት ባቡር ረጅም መንገድ በባትሪ አይሆንም። ባትሪ ያረጃል፤ ባቡር 30 ዓመት ይሠራል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባትሪው መቀየሩ አይቀርም። በሰሜን ጀርመን ክረምት ደግሞ መንገደኛውን ለማሞቅ የሚሄደው ኃይልም ከዚያችው ባትሪ ነው የሚወጣው። ዳገትም አለ። ዳገት ለባትሪ ከርቀት ይብሳል፤ 100 ቶን ባቡር 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 270 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፣ ሰበቃውንና አየሩን ሳንቆጥር። ሽለስቪግ-ሆልሽታይን ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ መሆኑን አትርሱ።

ይሄ ዳገት የሚሉት ነገር ወደ አገራችን ያመጣናል። «ለኛም ይምጣልን» ላላችሁ እንግዲህ።

ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ያለው 750 ኪሎ ሜትር የሚያህል መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሺህ ቮልት ሽቦ አለው። እዚያ የባትሪ ባቡር ምን ይሠራል? ኃይል ሲቋረጥ እስከ ሚቀጥለው ጣቢያ ያደርሳል የሚል ተከራካሪ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ለመቆራረጥ መድኃኒቱ የኃይል አቅርቦቱን ማጠናከር ነው እንጂ ለባቡሩ ስንቅ ማስያዝ አይደለም። ነገሩ የሚመለከተን ከዋናው መስመር ላይ ቅርንጫፍ ሲታሰብ ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ውሰዱ። በ2015 ግንባታው ተጀመረ፣ ሲነደፍም በሙሉ ሽቦ ነው። ጦርነቱም መሃል ገብቶበት ስንት ዓመት ሙሉ የወሎ ሰው ባቡሩን በተስፋ ይጠብቃል። አንዳንዶቻችሁ «በባትሪ ቢጀመርስ?» አላችሁ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በዚያ ላይ ሽቅብ ነው። ዛሬ ያሉት የገጠር የባትሪ ባቡሮች አንዴ ሞልተው አይዘልቁትም። ስለዚህ መሃል ላይ ቻርጅ ያስፈልጋል። ቻርጅ ደግሞ ሰብስቴሽን ይፈልጋል፣ ሰብስቴሽን ከፍተኛ መስመር ይፈልጋል። አያችሁ? ባትሪ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጥያቄ አያስመልጥም። የሚያደርገው ኃይል የሚያስፈልግበትን ቦታ ከመቶ ወደ ሁለት ሦስት ማውረድ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ተአምር አይደለም። ሙሉ ሽቦ የተዘረጋለትን መስመር አሁን ተነስቶ ወደ ባትሪ መቀየርም አይረባም፤ ለእሱ የሚሻለው የጎደለውን መጨረስ ነው።

የኔ ክርክር ገና ስላልተነደፈው ነው። ነገ ወደ አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ አንድ መካከለኛ ከተማ የ30 እና የ40 ኪሎ ሜትር የመንገደኛ ቅርንጫፍ ሲታሰብ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ምርጫ «ሙሉ ሽቦ ወይስ ናፍጣ» ብቻ እንዳይሆን ነው። ዋናው መስመር ሽቦ አለው። ቅርንጫፉ ዋናው ላይ ሲገናኝ ባቡሩ እዚያው ይሞላል፣ ሄዶ ይመለሳል። ካራሱያማ ላይ የሠራው ይሄው ነው። የባቡር ምህንድስና የተማራችሁና አሁን ቢሮ የገባችሁ ልጆቼ አላችሁ፤ ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ሦስተኛውን መስመር ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ «ይሄ ግማሽ ሥራ ነው» ካላችሁ የዌልሱን ድልድይ ንገሩት።

በሉ፣ ኮሜንት ላይ ለመከራከር የምትመጡ መጀመሪያ ይቺን ሥሩ። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። 200 ቶን የሚመዝን የመንገደኛ ባቡር ለከፍታው ብቻ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል? 1.2 ሚሊዮን ዋት በሚሰጥ የቻርጅ ደሴት ላይ ይሄንን ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይቆማል? ግራቪቲን 9.8 አድርጉ፤ 10 ብላችሁ የምታጠጋጉ ሰነፎች አውቃችኋለሁ። መልሱን ነገ ማታ እለጥፋለሁ።